ከግድግዳው በፊት ተከራዩ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጎንደር በስተሰሜን ካለው የወገራ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚያስገቡት መንገዶች ዳር የቆመ ሰው የከተማዋን የኪራይ ገበያ በእግሩ ሲመጣ ያያል። ጋቢ የደረቡ፣ የላስቲክ ጫማ የተጫሙ ልጆች ስንቃቸውን አዝለው ሁለት ሦስት ሆነው ይገባሉ። ማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ የሳምንት እንጀራ አለ፤ ሽሮውና በርበሬው ለብቻቸው በፌስታል ታስረዋል፤ ደብተሩ እንዳይረጥብ ከጋቢው ሥር ተሸጉጧል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከተማ ነው፤ የወላጅ ቤት ግን የሰዓታት የእግር መንገድ ይርቃል። ስለዚህ ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ በኪራይ ክፍል ያድራሉ። ዓርብ ሲደርስ ባዶውን ከረጢት አጥፈው ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ቤት ሠርቶ ማከራየት የሚያስብ የአምባ ጊዮርጊስ፣ የዳባት ወይም የደባርቅ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን መንገድ ቆሞ ቢያይ ይጠቅመዋል። ብዙው ጀማሪ የሚነሳው ከሌላ ጫፍ ነው። መጀመሪያ ቦታ ይፈልጋል፣ ከዚያ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ግድግዳ ያቆማል፤ ተከራዩ ትዝ የሚለው ቁልፉን ይዞ በር ላይ ሲቆም ነው። በዚያን ጊዜ የክፍሉ ስፋት፣ የመስኮቱ ቦታ፣ የሽንት ቤቱ ርቀት ሁሉ ተወስኖ አልቋል።

ጥሪትን በቤት ላይ የማዋል ፍላጎቱ ግን የሚነቀፍ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የወጣባቸው ወራት ነበሩ። በባንክ የተቀመጠ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ በሆነበት አገር፣ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመ መምህር ወይም ከዐረብ አገር ላቧን ጠብ አድርጋ የላከች እህት ገንዘቧ እጇ ላይ ሲቀልጥ እያየች ዝም ልትል አትችልም። ቆርቆሮና ድንጋይ ቢያንስ አይቀልጡም። ችግሩ የሚመጣው ቤት ገንዘብን ያቆያል ከሚለው እውነት ተነስቶ፣ ማንኛውም ቤት ገንዘብ ያስገባል ወደሚል መደምደሚያ ሲዘለል ነው።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ስሌት በወረቀት ላይ ማውረድ ይበቃል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው የሰፈሩን ዋጋ ይተካባቸው። አንድ ሰው በራሱ ግቢ ጀርባ አራት ሰርቪስ ክፍሎችን በ600,000 ብር ሠራ እንበል። እያንዳንዱን በወር 1,500 ብር ቢያከራይ በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር ያገኛል። ጀማሪው እዚህ ላይ ስሌቱን ዘግቶ በስምንት ዓመት ገንዘቤን መለስሁ ይላል። ነገር ግን ተከራዮቹ ተማሪዎች ከሆኑ ሐምሌና ነሐሴ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ስለዚህ 72,000 የነበረው 60,000 ሆነ። ለጥገና ከዚህ ላይ አንድ አሥረኛ ይያዝ፤ ዝናብ የላጠው ልስን፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ የላላ ቆርቆሮ በየዓመቱ አይቀርም። 6,000 ብር ወጣ። ለሽንት ቤት ማስመጠጫ፣ ለውሃ መስመርና ለጥቃቅን ወጪ 3,000፣ ለኪራይ ገቢ ግብርም ወደ 3,000 ብር ይቀነስ። በእጅ የሚቀረው 48,000 ብር ነው። ይህ ለ600,000 ብር በዓመት 8 በመቶ መሆኑ ነው፤ ዋናውን ለመመለስ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ያው ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ 42,000 ብር ወለድ ያስገኝ ነበር፤ ያለ ቆርቆሮ ጭቅጭቅ።

በአሜሪካ ጀማሪ አከራዮች የሚጠቀሙበት አንድ ፈጣን መለኪያ አለ፤ የወሩ ኪራይ ቤቱ ከወጣበት ገንዘብ ቢያንስ አንድ በመቶ ይሁን ይላል። ከላይ ያለው ምሳሌ ይህን መለኪያ በልኩ ያልፋል፤ 6,000 ብር የ600,000 አንድ በመቶ ነውና። ሆኖም የሁለት ወር ባዶነት፣ ጥገና፣ ጥቃቅን ወጪና ግብር ትርፉን ከባንክ ወለድ እምብዛም በማይርቅ ደረጃ አስቀምጠውታል። ቤቱን ከባንኩ የሚያስመርጠው ኪራዩ ከዓመት ዓመት ከገበያው ጋር ማደግ መቻሉ፣ የቤቱም ዋጋ አብሮ መነሳቱ ነው። ይህ ጥቅም ደግሞ የሚደርሰው ታግሶ ለሚቆይና ዕዳ ለሌለበት ሰው ነው።

ዕዳው ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ያ ሰው ከወጪው ግማሹን፣ 300,000 ብሩን፣ በ16 በመቶ ወለድ ተበድሮ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 48,000 ብር ይሆናል። አራቱ ክፍሎች ዓመቱን ሙሉ የሠሩት ለአበዳሪው ነው ማለት ነው፤ ዋናው ገና አልተነካም። በእንዲህ ያለ ከተማ ጀማሪው ሊተማመንበት የሚገባው ብድር የእቁብ ዕጣ ነው። እቁቡ ሲወጣ አንድ ክፍል ይጨርስ፤ በሩ ተገጥሞ፣ ሊሾው ደርቆ፣ ተከራይ ይግባበት። ሁለተኛው ክፍል በሁለተኛው እቁብና በመጀመሪያው ክፍል ኪራይ ይነሳ። አራት ክፍል በአንድ ጊዜ ጀምሮ ወገቡ ላይ ያቆመ ሰው ብረቱ ሲዝግ፣ አጣናው ሲጣመም ከማየት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ እንዲህ የቀሩ ግድግዳዎችን መቁጠር አያዳግትም።

ስንት ክፍል ይሠራ የሚለው ከዚህ በላይ ቢነገርለት አይጠቅምም። ለማን ይሠራ የሚለው ግን ሰፊ ነው።

ሦስቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ ቢሰለፉም የኪራይ ገበያቸው አንድ አይደለም። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን ለሚሄድ መጀመሪያ የሚያገኛት አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ተከራዮቿ የገጠር ተማሪዎች፣ የወረዳ ሠራተኞች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጥናት ሲያካሂድባት የኖረች ከተማ ናት፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመጣ ሰውም ማደሪያ ይፈልጋል። ደባርቅ ደግሞ ሁለት ነገር ጨምራለች፤ ዩኒቨርሲቲዋን እና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያነቷን። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በግቢው ማደሪያ ስለሚኖሩ የግል አከራይ ዋና ደንበኞች አይሆኑም። ከሌላ ክልል ወይም ከተማ ተመድቦ የመጣ መምህር ግን ቤት ይፈልጋል፤ እርሱ የሚፈልገው ሦስት በአራት የሆነ ክፍል አይደለም። የራሱ ሽንት ቤትና ማድ ቤት ያለው፣ መጻሕፍቱ የማይሻግቱበት፣ ምናልባት ባለቤቱንና ልጁን የሚያመጣበት ቤት ይሻል። አንዱን መምህር ለማግኘት አምስት የተማሪ ክፍል የሠራ ሰው ግምቱን ስቷል፤ ተማሪ ባለበት ከተማ ባለ ሦስት መኝታ ቤት የሠራም እንዲሁ።

ይህ ስህተት በግለሰብ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ መንግሥትም ሠርቶታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ብዙ የክልል ከተሞች ተዘርግቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዕጣ ለመጠባበቅ ሕዝቡ ዓመታት ሲሰለፍ፣ በክልል ከተሞች ግን ፍላጎቱ እንደታሰበው ሳይሆን ቀርቶ ግንባታው ቆመ። በአነስተኛ ከተማ የሚኖር ቤተሰብ የራሱን በር፣ የራሱን ጓሮ፣ በግና ዶሮ የሚያቆይበትን ግቢ ትቶ ፎቅ ላይ መውጣትን አልወደደም፤ ዋጋውም ከአቅሙ በላይ ነበር። ሕንፃው ከሰው ቀድሞ መጣ።

ደባርቅ ላይ ከዚህ የቀረበ ሌላ ታሪክ አለ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ከዝርዝሩ እንዲወጣ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ እምብርት የነበረችውን የግጭ መንደር ማንሳት ነበር። 418 አባወራዎች ካሳ ተቀብለው በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ገቡ። ገብስ አምራችና ከብት አርቢ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ የከተማ ነዋሪ ሆነ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ለብዙዎቹ ከባዱ ነገር የመኖሪያ ጣሪያ ማግኘት ሳይሆን የዕለት ጉርስ የሚገኝበት ሥራ ማግኘት ነበር። ጥሪቱን ሁሉ ግድግዳ ላይ ጨርሶ በኪራይ እኖራለሁ ለሚል ሰው ይህ ልብ ሊባል ይገባል። ኪራይ በወር መጨረሻ የሚመጣ፣ አንዳንድ ወር ደግሞ ጭራሽ የማይመጣ ገንዘብ ነው። የስድስት ወር ቀለብ ሳያስቀምጥ ቤት የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ክፍል ባዶ ሲሆን ቆርቆሮውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል።

ባዶ ወር ሲባል ደግሞ ያለፉት ዓመታት ያስተማሩት አለ። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በዚያው ዓመት ማብቂያ እስከ ዳባትና ደባርቅ ገጠሮች ደርሶ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችን እያስተጓጎለ ቆይቷል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተማሪ ክፍል ይዘጋል። ቱሪስት ሲቀር የአስጎብኚው፣ የበቅሎ ጫኙ፣ የምግብ አብሳዩ ገቢ ይቀራል፤ ኪራዩም ከእርሱ ጋር ይቀራል። በእነዚህ ዓመታት ብዙም ያልተጎዱት አከራዮች ቤታቸውን ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ያልሠሩት ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በሁለት ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ከመጀመሪያው የበር ቦታ ተትቶለት በብሎኬት የተደፈነ ከሆነ፣ ተማሪ ሲጠፋ ብሎኬቱን አንስቶ ለቤተሰብ ማከራየት ይቻላል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ የሚጠይቀው አናጢውንና ግንበኛውን አንድ ከሰዓት ማነጋገር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በዚህ ጉዳይ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም፤ በአካባቢው በቤት የተነሳ ከሚፈርሱት ቤተሰቦች ብዙዎቹ የሚፈርሱት በወረቀት ጉድለት ነው።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የሚገዛው በመሬቱ ላይ ያለው ቤትና የይዞታ መብቱ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቦታ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ቦታውን ለሌላ ማስተላለፍም በሕጉ ተገድቧል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ በከተማዋ ጫፍ ከአርሶ አደር ላይ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት መሬት ይገዛል። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ናቸው፣ ቃላቸውም የታመነ ነው፤ ወረቀቱ ግን ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ ዋጋ የለውም። ከተማው ሲሰፋ፣ ልኬታ ሲመጣ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራው ቤት ጨረቃ ቤት ተብሎ ይፈርሳል። ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላይ ላለ ንብረት ነው። ርካሽ ቦታ ሲባል የሚሰማው ቅናሽ ብዙ ጊዜ የዚህ አደጋ ዋጋ ነው።

ካርታ ያለውን ቤት የሚገዛም ቢሆን ካርታውን አይቶ ብቻ አይመለስ። ካርታው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን፣ የካሬው ልክ መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር መግጠሙን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ከመዝገቡ ያጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስትም ትፈርም፤ ሻጯ ሴት ከሆነች ባልም ይፈርም። በቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩትን ቤት አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። ቤቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ ሁሉ ይታወቁ፤ መተማ ያለው ወንድም፣ ሱዳን የቀረው ልጅ፣ ያልተጠየቀችው እህት ከዓመታት በኋላ ይመጣሉ፤ መብታቸውም ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሕግ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 ደንግጓል። ለደላላ ቀብድ ከመስጠት በፊት እነዚህ ሁሉ ይቅደሙ።

ከውጭ ገንዘብ ለሚልኩትም አንድ ቃል። ኩዌት ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ገንዘብ የምትልክ እህት ግንባታውን ለወንድሟ በውክልና ብትሰጥ ክፋት የለውም፤ ሥራውን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ውክልናው ግን በስሟ ለመሥራትና ለማከራየት የተወሰነ ይሁን። የመሸጥ ሥልጣን አይጨመርበት፤ ካርታው በእርሷ ስም ይውጣ። ይህን መጠየቅ ወንድምን አለማመን አይደለም። ወንድሟም ነገ ሲያገባ፣ ሲታመም ወይም ሲሞት በእርሱ ስም ያለው ሁሉ ወደ ወራሾቹ የሚሄድ ስለሆነ፣ እርሱንም ከክርክር የሚጠብቀው ይኸው ነው።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ብርዱ ይመጣል። አምባ ጊዮርጊስና ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያሉ ደጋዎች ናቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። በቆላ የሚያዋጣ የቤት አሠራር እዚህ ገንዘብ ማባከን ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በሌሊት ላብ ያወጣል፤ ንጋት ላይ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ጣሪያው ከግድግዳው በደንብ ካልወጣ የክረምቱ ዝናብ ከንፋስ ጋር ተዳምሮ የጭቃ ምርጉን ይልጠዋል። አሸንዳ የሌለው ቤት ደግሞ የራሱን መሠረት ራሱ ይቆፍራል። መሬቱ መረሬ በሆነበት ሰፈር መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይውረድ፤ መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከእርሱ ጋር ግድግዳውም ይሰነጠቃል። የጭቃ ቤት መናቅ የለበትም። የድንጋይ መሠረት ያለው፣ በደረቀ ባሕር ዛፍ የቆመ፣ በጭድ በደንብ የተቦካ ጭቃ የተመረገ ቤት ከቀጭን ብሎኬት ይልቅ ሙቀት ይይዛል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ጭዱ ከአውድማ የሚገኘው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነውና ምርጉ ከዚያ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ሳይቀድም ቢሆን ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ ነገር ጀማሪውን እንቅልፍ ሊነሳው ይገባል። ብርድ ሲጠና ተከራይ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ውስጥ ያስገባል፣ በሩንም ይዘጋል። የከሰል ጭስ ሽታም ቀለምም በሌለው መርዝ ሰው ይገድላል፤ ማታ የተኙ ልጆች ጠዋት ሳይነሱ የቀሩባቸው ቤቶች በአገሩ ብዙ ናቸው። አከራዩ ይህን በምክር ብቻ አይከላከለውም። ከጣሪያው ሥር የማይደፈን የአየር መውጫ፣ በትክክል የሚከፈት መስኮት፣ ከክፍሎቹ ተነጥሎ የተሠራ ትንሽ ማድ ቤት ሲኖር ነው ተከራዩ ከሰሉን ወደ ውስጥ ላለማስገባት ምርጫ የሚያገኘው። ማድ ቤቱ ተጨማሪ ወጪ ነው። ከስሌቱ ላይ የሚሰረዝ የመጀመሪያው ወጪ ግን እርሱ መሆን የለበትም።

ስለ ኪራይ ውሉ ብዙዎች በወሬ የሚያውቁት አዲሱ ሕግ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜና ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ብቻ እንዲሆን፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይጠይቃል። ተፈጻሚነቱ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ የአምባ ጊዮርጊስ ወይም የደባርቅ ጀማሪ ሕጉ በከተማው ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን ከማዘጋጃ ቤቱ ይጠይቅ። ባይውልም እንኳ በጽሑፍ መዋዋልና በባንክ መቀበል ለራሱ ለአከራዩ ዋስትና ነው፤ ተከራይ አልከፈለም ብሎ ፍርድ ቤት የቆመ አከራይ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ማስረጃህ የታለ የሚል ነውና።

ለግብሩም እንዲሁ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከኪራይ ገቢው ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ታስቦ ይቀነስለት ነበር፤ ግብሩ የሚሰላው በቀሪው ላይ ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የዛሬውን ምጣኔ የወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይነግረዋል። ግብር ለማምለጥ በቃል የሚያከራይ ሰው የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የሚያጣው ግን ሕግ ፊት የመቆም መብቱን ነው።

የዱሮዎቹ የቤት ባለቤቶች ሕግ ሲነሳ የሚሸሹበት ምክንያት አላቸው፤ ያንን መረዳት ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ ሁሉና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይዞ ቀረ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ኪራዩ እጅግ ዝቅ ብሎ ለአሥርተ ዓመታት ቆመ፤ ከአነስተኛው ኪራይ ጥገና የሚያደርግ ስላልነበረ ግድግዳው ዘመመ፣ ቆርቆሮው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ተከራዩ ርካሽ ቤት አገኘ፣ ነገር ግን የሚፈርስ ቤት አገኘ። ዛሬ የቀበሌ ቤት ያለበትን ሰፈር ያየ ጀማሪ ሁለት ነገር ይማራል፤ ከኪራዩ ላይ ለጥገና ያልተነሳለት ቤት ማንም ይያዘው ማን እንደሚወድቅ፣ ሁለተኛም የቤት ገቢ በመንግሥት ውሳኔ ሊለወጥ የሚችል ገቢ መሆኑን። አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ኪራይ መጨመርና ተከራይ ማስወጣትን በተደጋጋሚ ማገዷ ለዚህ የቅርብ ማስታወሻ ነው።

ሁሉም ነገር ተሟልቶ፣ ካርታው ወጥቶ፣ ኮርኒሱ ተመትቶ፣ ልጆቹ ስንቃቸውን ይዘው ከገቡ በኋላ የሚቀረው ጉዳይ መብራት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በተማሪ ግቢ ውስጥ ግን ከኪራዩ ይልቅ የሚያጨቃጭቀው እርሱ ነው። አራት ክፍል በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የቤቱ ባለቤት ዋናውን ታጠፋለች። አንዱ ልጅ በሩን ከፍቶ ይወጣል። «እማማ፣ ነገ ፈተና ነው፤ እባክዎ ትንሽ ያብሩልን።» «ልጄ፣ እኔስ መች ጠላሁ፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው በእኔ ስም ነው።» እርሷም እውነቷን ነው። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት ነው። አራት ክፍል አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር ሁሉም በርካሹ እርከን ሊጠቀም ሲችል በውዱ እርከን ይከፍላል። አንዱ ክፍል ደግሞ ምጣድ ሰክቶ ሌሎቹ በአንድ አምፖል እየከፈሉለት ይኖራል።

ቤቱ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ መስመር ተዘርግቶ ፍጆታውን የሚያሳይ ትንሽ ቆጣሪ ቢገጠም ወጪው ከአንድ ክፍል የጥቂት ወራት ኪራይ አይበልጥም። ገመዱ ልስኑ ከመመታቱ በፊት ይግባ፤ በኋላ ግድግዳ መስበር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ልጁ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያነብ የሚወስነው ራሱ ነው፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ከባለቤቷ ጋር አብረው ያነባሉ፣ በደብተሯም ላይ ከኪራዩ ጎን ትጽፈዋለች።